ሁለት ጠዋት በአንድ መኪና

«ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል።»

ስለ መኪናዬ ኮምፒውተር ይህን የሰማሁት ባለፈው ክረምት ነው፤ ዝናቡ የጋራዡን ቆርቆሮ እየደበደበ። የተናገረው ልጅ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ዋጋውንም አብሮ ነገረኝ። የሁለት ወር ደመወዜን የሚውጥ ነው። «ያገለገለ ከአዲስ አበባ እናስመጣልሃለን፣ በሁለት ቀን ትነሳለች» አለኝ። ኮፈኑ ገና ክፍት ነበር። አንድም ሽቦ አልነካም።

እሺ ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። ምክንያቱም መኪናዬ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስታስቸግረኝ ከርማለች። ጠዋት ሞተሪኖው ይሽከረከራል፣ ሞተሩ ግን ቶሎ አይነሳም። ከተነሳ በኋላ ደግሞ ሚኒሞው፣ ፔዳል ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት፣ ከፍ ብሎ ይቀራል። ከኋላ ጥቁር ጭስ ነው። ልብሴ ሳይቀር ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። እዚሁ ጅማ ውስጥ ከአጂፕ መርካቶ ደርሼ ስመለስ የነዳጁ መርፌ ሲወርድ በዓይኔ አየዋለሁ። አንድ እሑድ እንግዶቼን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ላሳያቸው ጅሬን ይዣቸው ስወጣ፣ ከኋላችን ይመጣ የነበረ ባጃጅ ጭሱን ሸሽቶ ዳር ይዞ ቆመ። እንዴት እንዳፈርኩ።

ግራ የገባኝ ግን ሌላ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ምንም መብራት አልነበረም። ቼክ ኢንጅኑ አልበራም። መኪናዋ ራሷ «ደህና ነኝ» ትላለች።

ልጅ ሳለሁ አጎቴ ካርቡሬተር ያላት አሮጌ መኪና ነበረችው። ስትታመም መካኒኩ ካቻቢቴውን ይዞ ሞተሩ ላይ ይጎነበሳል። አንዲት ቡሎን ትንሽ ያጠብቃል፣ ትንሽ ያላላል። ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። እንደገና ያላላል። ከዚያ «በቃ፣ ገባች» ይላል። ካርቡሬተር አየርና ቤንዚን የሚደባልቅ ዕቃ ነው። ችግሩ መካኒኩ ለሚተነፍሰው አየር ብቻ መስተካከሉ ነው። ጅማ ላይ የተስተካከለች መኪና ግቤ ስትወርድ ጠባይዋ ይለወጣል። አጎቴ ይህን ያውቅ ነበር። «ግቤ ላይ ትኮራለች» ይል ነበር።

የዛሬ መኪና ላይ ያ የመካኒኩ ጆሮና ካቻቢቴ አንድ ሳጥን ውስጥ ገብተዋል፤ ኮምፒውተር የሚሉት እሱን ነው። እኔ ግን ይህን የተረዳሁት ያን ቀን እሺ ሳልል በመቅረቴ ነው። «ነገ እነግርሃለሁ» ብዬ ወጣሁ። ጎረቤቴ አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ጋ ወሰደኝ። ዕድሜያቸው ስልሳ ያለፈ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ሞተሩን አስነስተው ጥቂት አዳመጡና አጠፉት።

«መኪናዋን ትተሃት ሂድ» አሉኝ። «ዛሬ ምንም አልነካም። ሌሊቱን ቆማ ትደር። ጠዋት ሳትነሳ ነው ማየት የምፈልገው። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ና።»

በማግስቱ ስደርስ ጉሙ ገና አልተነሳም። ረዳታቸው ከመሪው በታች ያለችው መሰኪያ ላይ ስካነሩን፣ ኮምፒውተሩ የሚያየውን ቁጥር የሚያሳየውን መሣሪያ፣ ሰካ። ቁልፉን አዞረ፤ ሞተሩን ግን አላስነሳም።

«ሜቃ?» ሲሉ በኦሮምኛ ጠየቁት። ስንት ነው ማለታቸው ነው።

«አፉር» አለ ልጁ። አራት። የሞተሩ ውሃ ሙቀት 4 ዲግሪ።

«የሚገባው አየርስ?»

«ኩደ ጀአ።» አሥራ ስድስት።

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። «አየህ ልጄ፣ ይቺ መኪና ሌሊቱን ሙሉ አንድ ቦታ ቆማ ነው ያደረችው። ውሃዋም አየሩም እኩል መሆን አለባቸው። አንድ መኪና ውስጥ ሁለት ጠዋት የለም።»

ሞተሩን አስነሱት። እንደ ልማዷ አስቸግራ ተነሳች። ሃያ ደቂቃ ያህል ጠበቅን። ሞተሩ ግሎ እጅ አያስነካም፣ የራዲያተሩ ቱቦ ያቃጥላል። ስካነሩ ላይ ያለው ቁጥር ግን 20 ላይ ደርሶ እዚያው ቆመ።

ኮምፒውተሩ አልተቃጠለም ነበር። ኮምፒውተሩ ውሸት እየተነገረው ነበር።

ጋሼ ጠረጴዛቸው ላይ የሞተ ኮምፒውተር አስቀምጠዋል፤ ለማስተማሪያ ነው የሚጠቀሙበት። ከፍተው አሳዩኝ። የመጽሐፍ ያህል የሚሆን የአሉሚኒየም ሳጥን ነው። ውስጡ አንድ አረንጓዴ ሰሌዳ፣ መሐሉ ላይ ጥፍር የምታህል ጥቁር ቺፕ፣ ዳርና ዳር ወፈር ወፈር ያሉ ትራንዚስተሮች፣ በአንድ ጎን ደግሞ ቀጫጭን የመዳብ እግሮች ተደርድረዋል። እግሮቹን መቁጠር ጀምሬ ሰማንያ አካባቢ ስደርስ ጠፋብኝ። እያንዳንዷ እግር አንድ ሽቦ ናት። ከእነዚህ ሽቦዎች ውጪ ይህ ሳጥን ስለ ዓለም ምንም አያውቅም። ዓይን የለውም። ጭሱን አያይም፣ ሽታውን አይሸትም፣ ባጃጁ ዳር ሲይዝ አያውቅም። በር ተቆልፎበት ስልክ ብቻ እንደተሰጠው ሰው ነው። የደወለለትን ያምናል።

መጀመሪያ የሚደውልለት ክራንክ ሻፍቱ፣ ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ፣ አጠገብ የተቀመጠው ሴንሰር ነው። ከዘንጉ ጋር የሚዞር ጥርሳም ቀለበት አለ። በአንዳንድ የጃፓን መኪናዎች ላይ 36 ጥርስ ሊኖረው ሲገባ ሆን ተብሎ ሁለቱ ተነቅለው 34 ብቻ አሉት። ጥርሶቹ በሴንሰሩ ፊት ሲያልፉ ጠክ ጠክ እያሉ ይቆጠራሉ። ክፍተቷ ስትመጣ ኮምፒውተሩ «ዙሩ እዚህ ደርሷል» ብሎ ያውቃል። ይህቺን የጎደለች ጥርስ ሳስብ እስካሁን ይገርመኛል። ሁሉም ጥርስ ሙሉ ቢሆን ኖሮ ፒስተኑ የት እንዳለ ማወቅ አይቻልም ነበር። የሚናገረው ባዶው ቦታ ነው።

ሞተሩ በደቂቃ 3000 ሲዞር በሴኮንድ 50 ጊዜ ይዞራል። አንዱ ዙር 20 ሚሊሴኮንድ ብቻ ይወስዳል። በዚህች ጊዜ ውስጥ ኮምፒውተሩ ምን ያህል አየር እንደገባ ይለካል፣ ምን ያህል ቤንዚን እንደሚያስፈልግ ያሰላል፣ ቤንዚን የሚረጨውን ኢንጀክተር ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ካንዴላው መቼ እንደሚጭር ይወስናል። ኢንጀክተሩ ላይ 12 ቮልቱ ቁልፉ ከተከፈተ ጀምሮ ቆሞ ይጠብቃል። ኮምፒውተሩ ኔጋቲቩን ሲያገናኝለት ይከፈታል፣ ሲያቋርጥበት ይዘጋል። ሚኒሞ ላይ የሚከፈተው ለሁለት ወይም ለሦስት ሚሊሴኮንድ ያህል ነው። የእግራችን ፔዳል በቀጥታ የሚያዘው አየሩን ነው። የቤንዚኑን መጠን የምትወስነው ይህቺ የጊዜ ስባሪ ናት።

መጠኑን ከየት ያመጣዋል? ከሠንጠረዥ ነው። እኔ ቡና መጋዘን ውስጥ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ኤክሴል ላይ ነው የምውለው። ጋሼ ይህን ሲያስረዱኝ ልቤ ሞቀ። በአንድ በኩል የሞተሩ ዙር አለ። በሌላ በኩል የአየሩ ግፊት አለ። ሁለቱ የሚገናኙበት ሳጥን ውስጥ ቁጥር ተቀምጧል። ፋብሪካው ውስጥ መሐንዲሶች ሞተሩን እየሞከሩ የሞሉት ነው። ኮምፒውተሩ ያን ቁጥር ያነሳና ያስተካክለዋል። አየሩ ቀዝቃዛ ነው? ይጨምራል። ባትሪው ደክሟል? ደካማ ባትሪ ኢንጀክተሩን ቀስ ብሎ ስለሚከፍተው ጊዜውን ያስረዝማል። ሞተሩ ገና አልሞቀም? ብዙ ይጨምራል፤ ቤንዚን በቀዝቃዛ ብረት ላይ በደንብ አይተንም። የእኔ መኪና ጣጣ የመጣው እዚህች መስመር ላይ ነው።

የውሃ ሙቀት ሴንሰሩ ቀላል ዕቃ ነው። ሙቀቱ ሲጨምር የኤሌክትሪክ መከላከያው ይቀንሳል። 20 ዲግሪ ላይ ወደ 2,400 ኦም ገደማ ነው። 80 ዲግሪ ላይ ከ300 ትንሽ ከፍ ይላል። ኮምፒውተሩ ሙቀት አይለካም፤ በሽቦው ላይ የሚደርሰውን ቮልት አይቶ ነው ሙቀቱን የሚያውቀው።

ጋሼ ቴስተራቸውን አወጡ። በጋለው ሞተር ላይ ሴንሰሩን ከሶኬቱ ነቅለው ለኩት። 310። ሴንሰሩ ጤነኛ ነው። መልሰው ሰኩት። ከዚያ ወንበር ላይ ወጥተው ከዕቃ መያዣው ኪስ ጀርባ ያለውን ኮምፒውተር ነቀሉና ሽቦው እዚያ ሲደርስ ስንት እንደሆነ ለኩ። 2,400 አካባቢ። ሴንሰሩ «ሰማንያ» ይላል፣ ኮምፒውተሩ ጋ «ሃያ» ሆኖ ይደርሳል። መሐል ላይ ወሬውን የሚያበላሽ አለ።

ሶኬቱን ወደ ብርሃን አዞሩልኝ። አንደኛዋ ሚስማር ላይ አረንጓዴ ዱቄት ተጋግሯል። ጣታቸውን አስነክተው አሳዩኝ፤ እንደ ሻጋታ ነው። የጎማ ልባሱ ተሰንጥቆ የጅማን ክረምት ሲጠጣ ከርሟል። እዚህ ከተማ ሻንጣ ውስጥ ያለ ጫማ ይሻግታል፣ ግድግዳ ያልበዋል። ለሽቦ ማን ይራራለታል።

ነገሩ ሁሉ አንድ በአንድ የተፈታልኝ ያኔ ነው። ኮምፒውተሩ ሁልጊዜ ጠዋት ላይ ነበር። እኔ ቀትር ላይ ፀሐይ እየጠበሰችኝ ስነዳ፣ እሱ ገና ጎህ እንደቀደደ ነው የሚያስበው። ስለዚህ ሞተሩ እንዳይበርደው ቤንዚን ይጨምራል፣ ሚኒሞውን ከፍ ያደርጋል። ትክክለኛ ሥራ ነው የሚሠራው። የተሳሳተው ሰዓቱ ነው።

ታዲያ ጭሱን ለምን አላረመውም? የሚያርምበት መሣሪያ አለው። ማርሚታው መስመር ላይ የኦክስጅን ሴንሰር አለ። ቤንዚን ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር ያስፈልጋል። ቤንዚን ከበዛ ሴንሰሩ ወደ 0.9 ቮልት ይወጣል፣ ካነሰ ወደ 0.1 ይወርዳል። ኮምፒውተሩ ይህን እያየ ይቀንሳል፣ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። የአጎቴ መካኒክ ጆሮ ይሄ ነው። ግን ኮምፒውተሩ ሞተሩ እስኪሞቅ ይህን ሴንሰር አይሰማውም፤ በብርድ ቤንዚን መብዛቱ የሚጠበቅ ነውና። መኪናዬ ደግሞ በእሱ ዘንድ አልሞቀችም። ስለዚህ ሴንሰሩ «በዛ፣ በዛ» ብሎ ሲጮህ ሦስት ሳምንት ሙሉ የሚሰማው አጥቷል።

መብራቱ ያልበራውም ለዚህ ነው። ሽቦው ጨርሶ ቢበጠስ ይሻለን ነበር። ያኔ ኮምፒውተሩ −40 ዲግሪ ያነባል። ይህ ሊሆን እንደማይችል ስለሚያውቅ መብራቱን ያበራል፣ ፒ 0118 የሚል ኮድ ይመዘግባል፣ ሴንሰሩን ትቶ ሙቀቱን በግምት ይይዛል። ብዙ ጊዜ 80 ዲግሪ ነው ብሎ ይነሳል። የእኔዋ ሶኬት ግን የነገረችው ውሸት እውነት የሚመስል ነው። ሃያ ዲግሪ! የትኛው የጅማ ሰው ሃያ ዲግሪን ይጠረጥራል?

ጋሼ ሚስማሯን በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት አጸዱ። የተበላውን የሽቦ ጫፍ ቆርጠው በአዲስ ሶኬት ቀየሩት፣ በየዱ፣ ሸፈኑት። ረዳቱ ስካነሩን እያየ ነበር። ቁጥሩ ከ20 ዘሎ 83 ላይ አረፈ። ሚኒሞው በዓይናችን ፊት ወረደ። ግቢው ጸጥ አለ። የከፈልኩት ለሶኬቱና ለእጃቸው ነው። ከዚያኛው ሒሳብ ጋር ሲነጻጸር የሚጠራ ገንዘብ አልነበረም።

ስለዚያ ልጅ ብዙ አስቤያለሁ። ክፉ ሰው ነው ብዬ አላምንም። ማንም ቁጭ አድርጎ አላሳየውም። ግን «ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል» የሚለው ቃል ስንት ቤተሰብ እንደሚያስለቅስ ሳስብ ያንገበግበኛል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ያሉን መኪናዎች እየቆዩ ነው የሚሄዱት። ሲያረጁ ደግሞ በመጀመሪያ የሚደክመው ሽቦ፣ ሶኬትና ጎማ ነው። የኤሌክትሪክ መኪናውም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም፤ እሱም በሴንሰርና በሽቦ ነው የሚኖረው።

ኮምፒውተር አይቃጠልም እያልኩ አይደለም። ጠረጴዛው ላይ ያየሁት ተቃጥሏል። ባለቤቱ የሞተ ባትሪ ሲያስነሳ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ አቀያይሮ ነው። ውሃ ይገድለዋል። ሻንሲ ላይ ሲበየድ ባትሪው ካልተነቀለ ይጎዳል። የተበላሸ ቦቢና፣ ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚልከው ዕቃ፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን ትራንዚስተር ይዞት ሊሄድ ይችላል። ግን ጋሼ እንደሚሉት መጀመሪያ ሽቦው፣ ቀጥሎ ኔጋቲቩ፣ ቀጥሎ ፊውዙ፣ ቀጥሎ ሴንሰሩ ይታያል። ኮምፒውተሩ መጨረሻ ላይ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ እኔም ሳደርገው ስለነበር ነው። መብራት ሲበራ ባትሪ ነቅሎ ማጥፋት። መብራቱ ይጠፋል፣ እውነት ነው። ግን ኮምፒውተሩ የተማረው አብሮ ይጠፋል። እያንዳንዱ መኪና ሲያረጅ ከፋብሪካው ሠንጠረዥ ትንሽ ይሸሻል፤ ኢንጀክተር ይቆሽሻል፣ ፊልትሮ ይደፈናል። ኮምፒውተሩ ይህን እያየ «ይቺ መኪና እዚህ ላይ አምስት በመቶ ትፈልጋለች» ብሎ ይይዛል። ባትሪ ስንነቅል ያን ማስታወሻ እንቀድበታለን። ሚኒሞው ለቀናት የሚንቀጠቀጠው ለዚህ ነው። ኮዱንም ለመካኒኩ ሳናሳየው እናጠፋዋለን።

ጋሼ ከዚያ በኋላም ሲያገኙኝ አይሰስቱም፣ የማያውቁትን ሳይሆን የሚያውቁትን ይነግሩኛል። ቦሽ የተባለው የጀርመን ድርጅት በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ ኢንጀክሽን ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው፤ እሱ ካንዴላውን አይነካም ነበር። ቤንዚንና እሳት በአንድ ሳጥን የገቡት በ1979 ቢ.ኤም.ደብሊው ላይ ነው። ከመሪ በታች ያለችው ባለ 16 እግር መሰኪያ ደግሞ አሜሪካ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ሁሉም መኪና እንዲኖረው በማስገደዷ ነው የተስፋፋችው። ያ ሕግ የወጣው ለጭስ ቁጥጥር ነው። ጥቅሙ ግን ጅማ ድረስ መጥቶ የእኔን ሁለት ወር ደመወዝ አተረፈ።

ባለፈው ወር በመሰኪያዋ ላይ የምትሰካ፣ ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የምትገናኝ ትንሽ ዕቃ ገዛሁ። ለአዲስ አበባ ጉዞ ስንነሳ ልጄ ስልኩን ያዘች። መኪናዬ አየሩን የምትለካው በግፊት ነው። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ ብቻ ሲከፈት ሴንሰሩ የውጭውን አየር ግፊት ያሳያል። ጅማ ላይ 82 ኪሎ ፓስካል አነበበች። ባሕር ጠረፍ ቢሆን 101 ይሆን ነበር። እዚህ የምንተነፍሰው አየር ከዚያ አንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፤ ኮምፒውተሩም በዚያው ልክ ቤንዚን ይቀንሳል።

ሰርቦን፣ አሰንዳቦን፣ ሰኮሩን አለፍን። ከዚያ ቁልቁለቱ ጀመረ። ሙቀቱ በመስኮት ገባ። አጎቴን አስታወስኩት። ሞተሩ ድምፁን እንኳ አልለወጠም። ታች ወርደን ዳር ይዤ ቆምኩ፣ ሞተሩን አጠፋሁና ቁልፉን መልሼ ከፈትኩ።

«ስንት ይላል?»

«ሰማንያ ዘጠኝ አባዬ። ጨመረ እኮ!»

«የሞተሩ ውሃስ?»

ስልኩን በጣቷ ገፋ አድርጋ ፈለገች። «ሰማንያ ስምንት።»

«የውጭው አየር?»

«ሠላሳ ሁለት» አለችና መስኮቱን እስከ ታች አወረደችው። ወደ ወንዙ አሻግራ አየች። «ይኼኛውስ እውነቱን ነው።»

ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሪኖው አንዴ ዞረ፣ ሞተሩ ተነሳ።